የእናቴን መሶብ በማን መኪና ላስጭን?

ጤና ይስጥልኝ፤

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ከሁለት ልጆቼ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ባለቤቴ ዳላስ ሥራ አግኝቶ ከአራት ወር በፊት ቀድሞን ሄዷል፤ ጋርላንድ ላይ ቤት ተከራይቶ እየጠበቀን ነው። የአፓርትመንታችን ሊዝ በጁላይ መጨረሻ ያበቃል፤ ልጆቹም ትምህርት ሳይጀመር መድረስ አለባቸው።

ዕቃችንን ማን ይውሰድልን የሚለው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሦስት ምርጫ አለኝ። አንደኛው ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ድርጅት ነው። ስደውል ስንት ክፍል እንዳለኝ ብቻ ጠይቀው 1,900 ዶላር አሉኝ። አሁን ግን «ዛሬውኑ 700 ዶላር በዜል ካልላክሽ ነገ ዋጋው ይጨምራል» እያሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውሉልኛል። ሁለተኛው ሰው ልኮ፣ ቤቴን ክፍል በክፍል አይቶ፣ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፍቶ፣ 4,600 ዶላር ብሎ በጽሑፍ ሰጥቶኛል። ሦስተኛው የባለቤቴ አጎት ናቸው። የጭነት መኪና አላቸው፤ የሀበሻ ዕቃ ከስቴት ስቴት ያደርሳሉ። 2,500 ዶላር በካሽ ብለውኛል። ወረቀት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ በእኔና በአንቺ መሀል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» አሉኝ።

እህቴ የዛሬ ሦስት ዓመት ከላስ ቬጋስ ወደ አትላንታ ስትዛወር፣ የጫኑላት ሰዎች ቤቷ በር ላይ ቆመው 2,800 ዶላር ካልጨመርሽ መኪናውን አንከፍትም ብለዋት ተበድራ ከፍላለች። ያንን ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል። አማቴ ከአዲስ አበባ እየደወሉ «የራሳችንን ሰው ትተሽ ለማታውቂው?» ይሉኛል። ባለቤቴ «አታካብጂ፣ ዕቃ እኮ ነው» ይለኛል። ለእኔ ግን ዕቃ ብቻ አይደለም። እናቴ ያረፈችው ዓምና ነው። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ይዛልኝ የመጣችው መሶብና ረከቦት፣ የራሷ የጥበብ ቀሚስ፣ ፎቶዎቿም እኔ ጋ ናቸው። አጎትን እምቢ ብል ይቀየሙኛል፤ እሺ ብል እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ሄ. ከሲልቨር ስፕሪንግ


እህቴ ሄ.፣

የእናትሽን ነፍስ ይማርልሽ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ የመኪናውም የዶላሩም ነገር ወደ ኋላ ቀርቶ መሶቡ ብቻ ዓይኔ ላይ ቀረ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

መሶቡ፣ ረከቦቱ፣ ቀሚሱና ፎቶዎቹ በማንም መኪና አይጫኑ። በርካሹም፣ በውዱም፣ በአጎትም። ከአንቺው ጋር ይሂዱ። በራሳችሁ መኪና የምትጓዙ ከሆነ ከልጆቹ አጠገብ ቦታ አይጠፋላቸውም። በአውሮፕላን ከሆነ ቀሚሱንና ፎቶዎቹን በእጅ ሻንጣ ያዣቸው፤ መሶቡን ደግሞ ባለቤትሽ ሊወስዳችሁ ወይም ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ይዞት ይመለስ። ፎቶዎቹን ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንድ በአንድ በስልክሽ አንሻቸውና ለእህትሽም ላኪላት። ወርቅሽ፣ ፓስፖርቶቹ፣ የዜግነትና የልደት ወረቀቶቹ፣ የልጆቹ የክትባትና የትምህርት ቤት ማስረጃም በዚያው ሻንጣ ይግቡ። ታማኝ የሆነ አጓጓዥ ራሱ የሚመክርሽ ይህንኑ ነው።

ይህን ካደረግሽ መኪናው ላይ የሚወጣው ገንዘብ የሚተካው ነገር ብቻ ይሆናል። ባለቤትሽ «ዕቃ እኮ ነው» ያለሽ ያኔ እውነት ይሆናል፤ አንቺም አላካበድሽም ነበር። ሁለታችሁም የምታወሩት ስለተለያየ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ሦስቱ ምርጫዎች። በስልክ 1,900 ዶላር ያለሽን ድርጅት ተይው። እዚህ ላይ አላመነታም። ቤትሽን ሳያይ፣ በቪዲዮ እንኳ ሳይመለከት የክፍል ብዛት ብቻ ጠይቆ ዋጋ የሚሰጥ ሰው፣ ዋጋውን የሚያስተካክለው ዕቃሽ እጁ ከገባ በኋላ ነው። ከስቴት ወደ ስቴት የቤት ዕቃ ሲጓዝ ዋጋው በአብዛኛው የሚወሰነው በክብደትና በርቀት ነው፤ የአንቺን ሶፋና የልጆቹን አልጋ ሳያይ ክብደቱን ከየት አመጣው? በዜል የተላከ ገንዘብ ደግሞ ከእጅ የወጣ ጥሬ ገንዘብ ማለት ነው፤ ማስመለስ በጣም ይከብዳል። በክሬዲት ካርድ ከፍለሽ ብትታለዪ ቢያንስ ለባንክሽ አቤት የምትዪበት መንገድ አለ። «ነገ ይጨምራል» የሚለው ማጣደፍም ሌላ ምክንያት የለውም፤ እንዳታጣሪ ነው።

ምናልባትም ድርጅቱ አጓጓዥ ላይሆን ይችላል። በዚህ ሥራ ብዙ ደላላ አለ። ደላላው መኪናም ሠራተኛም የለውም፤ ዲፖዚቱን ይቀበልና ሥራውን ለሌላ ይሸጠዋል፤ በጭነቱ ቀን በርሽ ላይ የሚቆመው ስሙን ሰምተሽው የማታውቂው መኪና ነው። ዕቃው ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ደላላው ኃላፊነት አይወስድም። ደላላነቱ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ መመዝገብና ደላላ ነኝ ብሎ መናገር ግን ግዴታው ነው። ስለዚህ ከማንም ጋር ስትነጋገሪ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ዕቃዬን የምትጭኑት እናንተው ናችሁ ወይስ ሌላ?» የሚል ይሁን።

እህትሽ ላይ የደረሰው ነገር በዚህ አገር እጅግ የታወቀ የማጭበርበር ዓይነት ነው፤ ዕቃን እንደ መያዣ አድርጎ ገንዘብ መጠየቅ። ሕጉ ግን ለባለ ዕቃው ቆሟል። በጽሑፍ የተሰጠ ግምት «ባይንዲንግ»፣ ማለትም አስገዳጅ፣ ከተባለ፣ በማድረሻው ዕለት ከዚያ በላይ እንድትከፍዪ ሊያስገድዱሽ አይችሉም፤ አንቺ ራስሽ ተጨማሪ አገልግሎት ካልጠየቅሽ ወይም በማድረሻው ቦታ ያልታሰበ ተጨማሪ ሥራ ካላስፈለገ በስተቀር። «ነን ባይንዲንግ»፣ ማለትም የማያስገድድ፣ ከሆነ ደግሞ በዕለቱ ሊጠይቁሽ የሚችሉት የግምቱን 110 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረውን ከ30 ቀን በኋላ ሂሳብ ይልካሉ እንጂ ዕቃሽን አይዙም። የስልኩ 1,900 ዶላር በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ እንኳ በር ላይ ከ2,090 በላይ መጠየቅ አይችሉም ነበር ማለት ነው። ግን ጽሑፍ የለም። አጭበርባሪ ሕግ ይፈራል ብዬ አይደለም ይህን የምነግርሽ፤ ወረቀት የያዘ ሰው የሚያመለክትበት ነገር ስላለው ነው።

እኔም የወረቀትን ነገር የተማርኩት በራሴ ነው። ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ወደ ቨርጂኒያ ስዛወር ጫኞቹ ቸኩለው ነበር፤ እኔም ልጅ ታቅፌ ነበር። ግማሹ ባዶ የሆነ ወረቀት ሲሰጡኝ ፈረምኩ። ዕቃው ሲደርስ ሁለት ካርቶን ጎደለ፤ ወረቀቱን ሳየው ባዶ የነበረው ቦታ ተሞልቶ የካርቶኑ ቁጥር ቀንሷል። ፊርማው የኔ ነው። ከጎደሉት በአንዱ ውስጥ ባለቤቴ ተማሪ ሳለ የጻፈልኝ ደብዳቤዎች ነበሩ። መሶብሽን ሳነብ ለምን እንዲያ እንደሆንኩ አሁን ይገባሻል።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፤ ቤትሽ መጥቶ ወዳየው። 4,600 ዶላር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ከዚህ የምጀምረው አመጣጡ ትክክል ስለሆነ እንጂ ውድ ነገር ሁሉ ታማኝ ነው ብዬ አይደለም። ገና ልታጣሪው ይገባል። ከስቴት ስቴት የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ ሁሉ የጭነት መኪናዎችን በሚቆጣጠረው የፌዴራል መንግሥቱ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤምሲኤስኤ በሚባለው፣ መመዝገብና ዩኤስዶት የሚባል ቁጥር መያዝ አለበት። ቁጥሩን ጠይቂና በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቢው። የምታዪው አራት ነገር ነው፦ ስሙ ወረቀትሽ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ አጓጓዥ ነው ወይስ ደላላ የሚለውን፣ የቤት ዕቃ ለማጓጓዝ የተፈቀደለት መሆኑንና ኢንሹራንሱን። የቀረቡበትን አቤቱታዎችም ታገኛለሽ። እህትሽ ጋም ደውዪና ያንን ድርጅት ስሙን ጠይቂያት፤ በዚህ ሥራ ስም ቀይሮ ተመልሶ መምጣት ስለተለመደ አድራሻውንና የስልክ ቁጥሩን ብታስተያዪ አይጎዳም። «አምስት ኮከብ» የሚሉ አስተያየቶችን ግን ብዙም አትመኪባቸው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተጻፉ ከሆነ ጭራሽ እለፊያቸው።

ከዚያ ግምቱ ወረቀት ላይ «ባይንዲንግ» የሚለውን ቃል ፈልጊ። ከሌለ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ደረጃ መውጣት፣ መኪናው ርቆ መቆም፣ ትልቁ ካሚዮን የጋርላንዱ ሰፈር ካልገባ በትንሽ መኪና ማመላለስ፣ እነዚህ ሁሉ በኋላ ተጨማሪ ሂሳብ ሆነው ይመጣሉና አሁን ይነገሩ። መብትሽን የሚዘረዝረውን የመንግሥት መጽሐፍ የመስጠት ግዴታም አለባቸው፤ ሳትጠይቂ ከሰጡሽ ጥሩ ምልክት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ለዕቃሽ ሁለት ዓይነት ዋስትና ያቀርቡልሻል። አንደኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው፤ ነፃ ሲባል ደስ ይላል። ሲከፍሉ ግን ለአንድ ፓውንድ ክብደት 60 ሳንቲም ብቻ ነው። 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥንሽ ቢሰበር 24 ዶላር ይሰጡሻል ማለት ነው፤ በስንት ገዛሽው ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። ሁለተኛው ሙሉ ዋጋውን የሚሸፍነው ነው፤ ያስጨምራል፤ በጽሑፍ እምቢ ካላልሽ በስተቀር ሕጉ ያንቺ አድርጎ የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲሉሽ በየትኛው ላይ እንደምትፈርሚ አንብቢ። ራስሽ ያሸግሽው ካርቶን ውስጥ የሚሰበር ነገር ላይም ኃላፊነታቸው የላላ ስለሆነ፣ የብርጭቆውንና የሲኒውን እነሱ እንዲያሽጉ ስንት እንደሚያስጨምር ጠይቂ።

ገንዘቡ ከበዛብሽ ክብደቱን ቀንሺ። ያንን ሶፋ በእውነት እስከ ቴክሳስ መውሰድ አለብሽ? ከዚህ ዳላስ 1,300 ማይል ገደማ ነው፤ አሮጌ ሶፋና የልብስ ማስቀመጫ እዚያ ድረስ ሲጓዝ ከራሱ ዋጋ በላይ ሊበላ ይችላል። ቤተ ክርስቲያንሽ ወይም ሰፈርሽ ውስጥ በቅርቡ በዲቪ የመጣ፣ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚተኛ ቤተሰብ አይጠፋም። ስጪያቸው። ከዚያ ያንኑ ድርጅት መልሰሽ ጥሪና ቀሪውን ዕቃ አይቶ ዋጋውን እንደገና ይጻፍልሽ። ሌላም ተመሳሳይ አንድ ወይም ሁለት ድርጅት አስመጥተሽ ብታስገምቺ ጥሩ ነው፤ ሲነጻጸር ነው ዋጋው የሚታወቀው። የጭነቱን ቀን ከወር መጨረሻ ቅዳሜ ወደ ወር አጋማሽ የሥራ ቀን ማምጣት ከቻልሽም በበጋው ግርግር ውስጥ የተሻለ ቦታ ታገኛለሽ። እንዲያም ሆኖ ካልተቻለሽ ኮንቴይነር ደጅሽ አምጥተው የሚያቆሙ፣ አንቺ በወዳጅ ዘመድ ጉልበት የምትሞዪው፣ እነሱ ግን የሚያደርሱት ድርጅቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሙሉ አገልግሎቱ ይረክሳሉ።

አሁን ወደ አጎት። ልብሽን የያዘሽ እሳቸው እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ከሁሉም በላይ የማስበውም ስለዚህ ነው።

አጎት ሌባ ናቸው ብለሽ አልጻፍሽልኝም፤ እኔም አልልም። ምናልባትም ከሦስቱ ሁሉ ዕቃሽን በስስት የሚይዙት እሳቸው ይሆናሉ። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ሰሜን ካሮላይና ወይም ቴነሲ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ መኪናው ቢገለበጥ፣ ወይም ሌሊት ከቆመበት ቢዘረፍ፣ ማን ይከፍላል? በክፍያ ከስቴት ስቴት የሰው ዕቃ የሚያጓጉዝ ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ያው ምዝገባና ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። ከሌላቸው ኢንሹራንሳቸው ላይከፍል ይችላል። ያኔ አንቺ ምን ትያለሽ? የባልሽን አጎት ትከሺያለሽ? አትከሺም። ዝም ትያለሽ፤ ዝምታው ግን በየበዓሉ፣ በየሠርጉ፣ በየልቅሶው አብሯችሁ ይቀመጣል። ወረቀት በዘመድ መሀል የሚያስፈልገው ዘመዱ እንዳይጠፋ ነው። አያቶቻችንም እኮ በቅርብ ሰው መሀል ገንዘብ ሲበዳደሩ ምስክር ያስቀምጡ ነበር፤ ማንም እንደ ስድብ አልቆጠረውም።

እዚህ ላይ ራስሽን እንድትጠይቂ የምፈልገው፦ አጎትን እሺ ለማለት የምታዘነብዪው ታምኛቸው ነው ወይስ ይሉኝታ ይዞሽ? አምነሽ ከሆነ ደውዪላቸውና በአክብሮት «አጎቴ፣ ዩኤስዶት ቁጥርና የጭነት ኢንሹራንስ ካለዎት ከማንም በፊት ለእርስዎ ነው የምሰጠው፤ ወረቀቱን እንጻፍና» በያቸው። ምዝገባው ካላቸው እሰየው፤ ሥራቸው ይሁን። ከሌላቸው ደግሞ እምቢ ማለት ብቻ አይደለም ያለሽ። አጎት በዚህ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዕቃ እንዴት እንደሚታሰር፣ የቱ ከታች የቱ ከላይ እንደሚጫን ከአንቺም ከእኔም ይበልጥ ያውቃሉ። በጭነቱ ቀን መጥተው ቢቆሙልሽስ? «አጎቴ፣ ባለቤቴ የለም፤ እኔ ከልጆች ጋር ብቻዬን ነኝ። እርስዎ ቆመው ካዩልኝ ልቤ ያርፋል» ብትያቸው፣ እመኚኝ፣ 2,500 ዶላሩን ካጡበት ቅያሜ ይልቅ በዚህ የሚሰማቸው ክብር ይበልጣል። የነዳጃቸውንና የድካማቸውን ደግሞ በፖስታ አድርጊላቸው፤ ምሳም ሠርተሽ ጠብቂያቸው። አማትሽ ሲደውሉም «አጎት ራሳቸው ቆመው አስጫኑልኝ» ትያቸዋለሽ፤ ውሸትም የለበትም።

ባለቤትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። አራት ወር ሙሉ ልጆቹን፣ ሥራሽን፣ ሐዘንሽን ብቻሽን ተሸክመሽ ቆይተሻል። «አታካብጂ» ሲልሽ የሰማሽው «ብቻሽን ቻይው» የሚል ይመስለኛል። እሱ ግን ይህን ለማለት ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ከሩቅ ሆኖ የሚያደርገው ስለጠፋው ነው ብዬ እገምታለሁ። ሥራ ስጪው። ዛሬ ማታ የድርጅቱን ቁጥር ላኪለትና ድረ ገጹ ላይ እሱ ያጣራ። አጎትንም ቀድሞ እሱ ይደውልላቸው፤ የእሱ ሥጋ ናቸውና ነገሩ ከእሱ አፍ ሲወጣ ይለሰልሳል። የእናትሽን ዕቃ ነገርም በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት ስትገናኙ ንገሪው፤ ለእኔ የጻፍሽውን በዚያው ቃል።

በጭነቱ ቀን አትቸኩዪ። ከመጫናቸው በፊት እያንዳንዱን ክፍል በስልክ ቪዲዮ ቅረጪ። መኪናው ላይ የተጻፈው ስምና ቁጥር ወረቀትሽ ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ አትክፈቺላቸው። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ተሰጥቶት ዝርዝር ላይ ይገባል፤ «የተጫጫረ» «የተሰበረ» ብለው ከጻፉና ካልሆነ እዚያው አስተካክዪ። ባዶ መስመር ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሚ፤ ባዶውን ቦታ አጎት በእስክሪብቶ ይሰርዙት። ከመጫኑ በፊት «ዕቃው ከገመትነው በዛ» ካሉ አዲስ ግምት በጽሑፍ ማቅረብ አለባቸው፤ ካልተስማማሽ ሳይጫን ይቅር። አንዴ ጭነው ከሄዱ በኋላ ግን በፊቱ ዋጋ ተስማምተዋል ማለት ነው። ዳላስ ሲያወርዱ ባለቤትሽ ዝርዝሩን ይዞ ይቁጠር፤ የጎደለና የተሰበረ ካለ ከመፈረሙ በፊት እዚያው ይጻፍ። የካሳ ጥያቄ ለማቅረብ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ወር አላችሁ። ክፉ ከመጣና ዕቃሽን እንይዛለን ካሉ የኤፍኤምሲኤስኤ የአቤቱታ ስልክ 1-888-368-7238 ነው፤ እህትሽም የደረሰባትን ልታስመዘግብ ትችላለች፤ ገንዘቧን ባያስመልስላት እንኳ ቀጥሎ ድርጅቱን የሚያጣራ ሰው ያየዋል።

በመጨረሻ ጋርላንድ ከደረሳችሁ በኋላ መኪናው በዚያው ቀን ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። ረጅም መንገድ ሲሆን የብዙ ቤተሰብ ዕቃ በአንድ ካሚዮን ስለሚጓዝ የመድረሻው ቀን ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ነው የሚሰጠው፤ ያንንም በጽሑፍ ያዥ። ስለዚህ ለልጆቹ መኝታ፣ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ልብስ፣ አንድ ድስትና ጀበናውን ከእናትሽ ረከቦት ጋር ለይተሽ አስቀምጪ። ሶፋው ባይመጣም ባዶው ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጣችሁ ቡና ማፍላት ትችላላችሁ፤ የዚያን ቀን ጻፊልኝ።